ቀትር ላይ ፈረሳቸውን የሚፈቱት አያ ውበቱ

አያ ውበቱ ያረፉት ስልኬ ጠፍቶ ሳለ ነው።

ቡሬ ነበርሁ። የአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ከፍቼ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት እንደ ልማዴ ስልኬን አጥፍቼ፣ እጄን ታጥቤ ከግድግዳው ጥላ ሥር ጋደም ብያለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩን ስከፍተው መልእክቱ እንደ በረዶ ወረደ። አንዱ የባለቤቴ የጥሩዬ ነበር፤ «አያ ውበቱ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ቶሎ ና» ይላል። ሞተሩን እንደተከፈተ ትቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ረዳቱ እስኪጣራ፣ ሾፌሩ ሻዩን እስኪጨርስ ጊዜው ነጎደ። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚያ ሰዓት ስልክህን አጥፋ ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው አያ ውበቱ ናቸው። ባላጠፋው ኖሮ ለቀብራቸው እደርስ ነበር። ማጥፋቱን ባልማር ኖሮ ደግሞ ቀድመው የሚቀብሩኝ እርሳቸው ነበሩ።

ማን እንደሆንሁ ካልነገርኋችሁ የውለታቸው ክብደት አይገባችሁም። ከጅጋ እስከ ቡሬ፣ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ገጠር ሁሉ፣ እጄ ያልገባበት ወፍጮ የለም። ይህን ስል ጉራ አይደለም፤ ጠይቁ። ሞተር የሚባል ነገር ማንም አላስተማረኝም። ፊደልን እንኳ የለየሁት የስኳር መጠቅለያ በነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። መጀመሪያ የፈታሁት ሞተር ሞቷል ተብሎ ከወፍጮ ቤት ጀርባ የተጣለ ነበር። በጆንያ ላይ ዘርግፌ ሦስት ወር አጠናሁትና መልሼ ገጠምሁት። ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ሞተሩ ግን ተነሣ። ብሎኖቹ ዛሬም ቤቴ አሉ። ፋብሪካው አብዝቶ የሠራቸው ለመሆናቸው እስካሁን ተቃውሞ አልቀረበብኝም። ሰው «ኢንጅነር» ብሎ ይጠራኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ቀልዱ ቀረና ስሙ ጸና።

አያ ውበቱ ደግሞ ባለጋሪ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐሩርም ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው። ባጃጅ ከተማውን ከሞላው ወዲያ እንኳ የእርሳቸው ጋሪ ሰው አያጣም ነበር፤ ምክንያቱም ፈረሳቸው ቦራ አይደነብርም፣ አይወድቅም፣ አያነክስም። ሌላው ባለጋሪ ሁለት ሦስት ፈረስ ሲቀያይር ቦራ ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክቱን ይዞ ያንኑ ጎዳና ይመላለስ ነበር።

ምሥጢሩ ሁሉ ሰው የሚያየው፣ ሁሉ ሰው የሚስቅበት ነገር ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን አያ ውበቱ ፈረሳቸውን ይፈታሉ። ሌሎቹ ቀትር ላይ ጋሪያቸውን መንገድ ዳር አቁመው፣ ለፈረሱ ገለባ ጣል አድርገው ሻይ ቤት ይገባሉ፤ ፈረሱ ግን እንደተጠመደ ነው። አያ ውበቱ አንድም ጠፍር ሳያስቀሩ አውልቀው ፈረሱን ራቁቱን ያደርጉታል።

«ሌሎቹስ ያሳርፉ የለም ወይ?» ብላቸው፣

«ያቆማሉ እንጂ የት ያሳርፋሉ? የቆመ ሁሉ ያረፈ ይመስልሃል?» አሉኝ።

አንድ ቀን አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ቦርሳውን ታቅፎ ጋሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠና፣ «ቶሎ በሉ አባት፣ ስብሰባ አለብኝ» አላቸው። እርሳቸው ጠፍሩን እየፈቱ ነው።

«ጌታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈረሱ ለምሳ ወጥቷል።»

«ፈረስ ለምሳ ይወጣል እንዴ?»

«እርስዎስ ወጥተው የለም እንዴ?»

ሰውዬው ሳቀና ወርዶ ባጃጅ ፈለገ። አያ ውበቱ ቆመው ቦራን ማየት ቀጠሉ። የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው። የተፈታ ፈረስ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ መሬቱን ያሸታል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ይተኛና አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ አቧራው ላይ ይንከባለላል። ተነሥቶ ቆዳውን ያራግፋል፤ በመጨረሻም በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ይለቃል። ገብስ የሚሰጡት ያኔ ነው። «ሳይንከባለል የበላው ገብስ ሆዱ ይገባል እንጂ ሰውነቱ አይገባም» ይሉ ነበር።

እኔም ሳቅሁባቸው። ሰው እስኪያስቀኝ ድረስ ጤናማ የነበርሁበት ዘመን ነበራ።

ሕመሜ እንዲህ ነው የጀመረው። በመጀመሪያ ማንቁርቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ። ቀጥሎ ሆዴ ይነፋ፣ ይቃጠል ጀመር፤ «ጨጓራ ነው» ብዬ ራሴን መረመርሁና አብሽ በጠበጥሁ። አንገቴ ደርቆ እንደ እንጨት ሲሆን «ምች ነው» ብዬ ዳማከሴ አሸሁ። ጉንፋን ይዞኝ አልለቅ አለ፤ ፌጦ ዋጥሁ። እጄ ላይ የደረሰች ትንሽ ጭረት ሳምንታት ሳትድን ቆየች። እንቅልፌም ተሰረቀ፤ ዓይኔ ቢከደንም ጆሮዬ አይከደንም። ጥሩዬ አንድ ጠዋት ገንፎ እያቀረበች፣

«ሌሊቱን ሙሉ ጥርስህን ስትፈጭ ታድራለህ። ወፍጮው ወደ እኛ ቤት ተዛወረ እንዴ?» አለችኝ።

«ነርቭ ነው» አልኋት፤ ለማያውቁት በሽታ ሁሉ በአገራችን የሚሰጠውን ስም።

በመጨረሻ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ወጣት ሐኪም ደሜን ለካና፣ «አባት፣ ደምዎ ከፍ ብሏል። ምን ያሳስብዎታል?» አለኝ። «እኔን? ምንም» አልሁ። እንደዚያ ስል የግራ ኪሴ ስልክ ጮኸ። ሁለት ስልክ ነበረኝ፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ክፍት እንዲሆን። ከወንበሬ ብድግ ማለቴን ያወቅሁት ተመልሼ ስቀመጥ ነው።

ልጁ ፈገግ አለ። «ነብር ቢመጣብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እሮጣለሁ።»

«ሰውነትዎ ለዚያ ሩጫ ራሱን ያዘጋጃል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ይገፋል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ ሆድ ግን 'የእኔ ሥራ ይቆይ' ይላል። ነብሩ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ጤና ነው፤ ያድናል። የእርስዎ ነብር ግን አይሄድም።»

«ኪሴ ውስጥ ነዋ ያለው» አልሁት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልጁ ተናግሮ ሳይጨርስ ገብቶኛል። ጋዝ እንደተረገጠበት የቀረ ሞተር ማለት ነው። ሞተርን ሥራ አይገድለውም፤ ሳይቀዘቅዝ መኖር ነው የሚገድለው። ዘይቱ ይሳሳል፣ ጎማ የሆነው ሁሉ ይሰነጣጠቃል፣ ብሎኑ በንዝረት ይላላል፤ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ያፈሳል። ሰው የሚያፈስበትን ብቻ እየደፈነ «ጨጓራ፣ ምች፣ ነርቭ» ይላል። ጋዙ ላይ ያለውን እግር የሚያነሣ የለም። እኔም ገባኝ እንጂ እግሬን አላነሣሁም። ሐኪሙ ያዘዘልኝን ኪኒን እየዋጥሁ፣ ሁለቱን ስልክ እንደያዝሁ ቀጠልሁ። የራስን ሞተር መስማት ለባለሙያም ይከብዳል።

አንድ የገበያ ቀን ከከተማው ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ጠራኝ። ሴቶች እህላቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል። ጎንበስ ብዬ ስሠራ ስልክ ጮኸ፣ አነሣሁ፤ ሌላው ጮኸ፣ አነሣሁ። «ጨርሻለሁ፣ አስነሡት!» አልሁ። ሞተሩ ሲነሣ የሆነ ነገር በጆሮዬ ሥር አፏጭቶ አለፈና ግድግዳውን መታ። መፍቻዬ ነበር። ቀበቶው በሚዞርበት ጎማ ላይ ረስቼው። ጭቃው ላይ የተሰካው ከአንዲት ሴት ራስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነው። ሴትዮዋ ገረማትና ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሁሉ ዘመን መፍቻ ረስቼ አላውቅም። መፍቻ የሚረሳ መካኒክ እጁን ያጣል፣ ወይም የሰው ነፍስ ያጠፋል፤ ያኔ ስሙም እንጀራውም ያበቃል። ሞተሩን አጥፉ ብዬ ወጣሁ።

ውጭ አያ ውበቱ እህል አራግፈው ቦራን እየፈቱ ነበር። በበሩ ሁሉንም አይተዋል።

«ና ቁጭ በል» አሉኝ።

«ሥራ አለብኝ አያ።»

«ሥራህማ ሰው ሊገድል ነበር። ቁጭ በል።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መጥተው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ፣ ሰፊ መዳፋቸውን ማጅራቴ ላይ ጫኑ። ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው።

«ይህ አንገት ከተጠመደ ስንት ዘመኑ?»

«ማን ይጠምደኛል? እኔ የራሴ ጌታ ነኝ።»

«የሚፈታህ የጠፋውም ለዚህ ነዋ። ፈረስስ ጌታ ስላለው ይፈታል።»

ነደደኝ። «እኔ ስልክ ባላነሣ ያገሩ ሰው ዱቄት አያገኝም» አልሁ።

«እንግዲያ አንተ ስትሞት አገሩ ቆሎ ሊበላ ነዋ!» ሲሉ በሩ ላይ የወጡት ሴቶች ሳቁ። መፍቻው በራሷ ላይ ያለፈው ሴት እንኳ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው እኔም መተንፈስ የቻልሁት።

ከዚያ አያ ውበቱ ወደ ቦራ ተመልሰው እያሳዩ አስተማሩኝ። ሥርዓት አለው፤ አይዘበራረቅም። «መጀመሪያ ጋሪውን ከላዩ ታነሣለታለህ። ቀጥሎ ሆዱን ትፈታለታለህ። ከዚያ አንገቱን። መጨረሻ አፉን፤ ልጓሙን። አሁን አንተን እንፍታ። ጋሪህ የቱ ነው?»

ሁለቱን ስልክ አወጣሁ። በየተራ አጥፍቼ በእጃቸው ላይ አኖርሁ። አንድ ሰው ልጁን ሲያስረክብ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኛል።

«ሆድህን» አሉ። ቀበቶዬን አላላሁ፤ ሆዴ እስኪነሣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ መተንፈስ ያዝሁ። «አንገትህን» አሉ። ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር እንደነበር ያወቅሁት ሲወርድ ነው። «አፍህን» ሲሉ ግን ያ የመፍቻው ነገር እንዴት እንደሆነ፣ ቀበቶው ስንት እንደሚዞር፣ እኔ ይህን ሞተር ከዚህ ቀደም ስንቴ ከሞት እንዳስነሣሁት እያስረዳኋቸው ነበር።

«አይ ኢንጅነር፣ አፍህ ነው የማይፈታው» አሉ። «ልጓም የጎረሰ ፈረስ ምን ገብስ ይበላል? ስለ ሥራ ማውራትም መጠመድ ነው።»

«ኪኒኑን ልተወው እንዴ?» ስላቸው ተቆጡ። «እኔ ባለጋሪ እንጂ ሐኪም ነኝ? ዋጠው እንጂ! እኔ የምልህ ቀትርህን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀትር ላይ ፍኖተ ሰላም ካለሁ ከእርሳቸው ጎን እቀመጣለሁ፤ ሌላ አገር ካለሁ ለብቻዬ እፈታለሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ሲኦል ነበር። የጠፋ ስልክ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ተቀምጬ እግሬ ይሮጣል። አያ ውበቱ ያዩኝና፣ «ገና ቆመሃል፤ አልተንከባለልህም» ይላሉ። አላስቸኮሉኝም። ለፈረሱ የሚጠብቁትን ያህል ለእኔም ጠበቁ። አንድ ቀን ቦራን እያየሁ፣ ስለ ምንም ሳላስብ፣ ከሆዴ ሥር ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እዚያው ድንጋዩን ተደግፌ አንቀላፋሁ። ስነቃ ኮታቸው ላዬ ላይ ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተንከባለልህ» አሉኝና ጭብጥ ቆሎ ሰጡኝ።

አንገቴ ለመላላት፣ ሆዴ ለመስከን፣ እንቅልፌ ለመመለስ ወራት ፈጀ። ሐኪሙም ደሜ እየወረደ መምጣቱን አይቶ ደስ አለው፤ ኪኒኑን ግን አላስቆመኝም። ወፍጮዎቹስ? ቀትር ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቁኝ። አገሩ ቆሎ አልበላም። ይህ ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር።

አሁን የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። የዳነ ሰው ሐኪም ልሁን ይላል፤ እኔ ደግሞ ድሮም ማንም ሳይሾመኝ የተሾምሁ ሐኪም ነኝ። የእህቴ ልጅ ሰብለ ጅጋ አስተማሪ ናት። ልጆች የሚወዷት፣ ጠመኔ ከልብሷ የማይለቅ፣ ስለ ተማሪዎቿ አውርታ የማትጠግብ ልጅ ነበረች። ክፍሉ ከአቅሟ በላይ ሞላ፤ በዚያ ላይ ኮሚቴው፣ ሪፖርቱ፣ የቅዳሜው ሥልጠና ተጫነ፤ አመሰግናለሁ የሚል ግን የለም። እንዲህ ዓመታት ሄዱ። አንድ ጊዜ ስጠይቃት ያልታረመ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ እርሷ መስኮቱን ታያለች። «ተማሪዎችሽ እንዴት ናቸው?» አልኋት። «አሉ» አለች። ብቻ።

«ገብቶኛል! ያው የእኔ በሽታ ነው» ብዬ ጋሪውን፣ ሆዱን፣ አንገቱን፣ አፉን አስተማርኋት። ታዛዥ ናትና እንዳልኋት አደረገች። የክረምቱ ዕረፍትም መጣ፤ ተኛች፣ በላች፣ ዝም አለች። መስከረም ላይ ስጠይቃት፣

«አጎቴ፣ ሁሉንም ፈታሁ። ከሥሩ ግን ሰው አጣሁ» አለችኝ።

ይህን ቃል ሰምቼ ደነገጥሁ። ወደ ፍኖተ ሰላም አመጣኋትና ቀትር ላይ አያ ውበቱ ዘንድ አስቀመጥኋት። መዳፋቸውን ማጅራቷ ላይ አላኖሩም። ከፊቷ ቁጢጥ ብለው ዓይኗን አዩ።

«ልጄ፣ ስልክሽ ሲጮህ ትደነግጫለሽ?»

«አልደነግጥም አባባ። ቢጮህ ባይጮህ ግድ የለኝም።»

«ተማሪ ጥያቄ ሲመልስልሽ ደስ ይልሻል?»

«ድሮ ይለኝ ነበር። አሁን ማስተማሬም አለማስተማሬም ለውጥ ያለው አይመስለኝም» አለች።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ኢንጅነር፣ ሁለቱን ፈረስ አንድ አደረግሃቸው። አንተ ትደነብር ነበር፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ትዘል ነበር። የሚደነብር ፈረስ ገና ልብ አለው፤ ፍታው፣ ጠብቀው፣ ይንከባለላል። እርሷ ግን አትደነብርም። ጅራፍም ገብስም አንድ ሆኖባታል።»

ከዚያ ከቦራ በፊት ስለነበራቸው ስለ ዳማ ነገሩን። ዳማ ከማለዳ እስከ ማታ እህል የሚጎትት፣ ጉልበቱ የተመሰገነ ፈረስ ነበር። አንድ ቀን ቆመ። አላመመውም፤ አላነከሰም። ፈቱት፤ አልተንከባለለም። ገብስ አቀረቡለት፤ አንገቱን አላቀናም። «ሰነፍ መስሎኝ ገረፍሁት» አሉ አያ ውበቱ። «ጅራፉ ሲያርፍበት ቆዳው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያኔ ነው የፈራሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።» ገጠር ወንድማቸው ዘንድ ወሰዱትና ክረምቱን ከሌሎች ፈረሶች ጋር መስክ ላይ ዋለ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። አንድ ቀን ግን ወንድማቸው፣ ዳማ ከአንዲት ባዝራ ጋር ሲሯሯጥ አየሁት ብለው ላኩባቸው።

«ከዚያ መልሰው አመጡት?» አለች ሰብለ። ከመጣች ጀምሮ ሳትጠየቅ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር።

«አመጣሁት። እህል ግን አልጫንሁበትም። ያንኑ ጭነት ብመልስበት ያው ይሆን ነበር። ሰው ብቻ፣ አጭር መንገድ። ልጄ፣ ላንቺ የሁለት ሰዓት መፈታት አይበቃሽም። ጭነቱ ራሱ ይቀየር። ሰነፍ ነሽ የሚልሽን ደግሞ አትስሚ፤ እኔ ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ውበቱ ተነሥተው ቦራን ማሻሸት ያዙ፤ እኔንም በዓይናቸው ጠሩኝ። ልቅሶዋን ማንም እንዳያይባት ነው።

ነገሩን በሞተር ስተረጉመው እንዲህ ነው፤ ይህ የራሴ ትርጓሜ ነው። የእኔ ሞተር ጋዝ ተረግጦበት የጋለ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ይድናል። የእርሷ ግን የነዳጅ ጋኑ ባዶ ነበር። ነዳጅ የጨረሰን ሞተር ብታቀዘቅዘው አይነሣም። የጋለውም ዝም ከተባለ አንድ ቀን ጋኑን ይጨርሳል። ሰብለ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ከርዕሰ መምህሯም ጋር ተነጋገረች። ኮሚቴውን ተወች፤ ፊደል የሚቆጥሩ ሕፃናትን ልያዝ ብላ ጠየቀችና ተሰጣት። ዓመት ፈጀባት። አንድ ቀን ስልክ ደውላ አንድ ልጅ «ሀ»ን ገልብጦ ጽፎ «ቆማ ስለደከማት ነው» እንዳላት እየሳቀች ነገረችኝ። ወዲያው ሄጄ ለአያ ውበቱ ነገርኋቸው። «ባዝራዋን አገኘች በለኛ» አሉ።

እንግዲህ የእኒህ ሰው ቀብር ነው ያመለጠኝ።

በሰልስቱ ቀን ማለዳ ከጥሩዬና ከሰብለ ጋር ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል። በአገራችን የወንድ ልቅሶ ላይ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፤ ክብር ነው። ስማቸው የሚባለው የአያ ውበቱ ልጅም አባቱን ለማክበር ቦራን ጋሪው ላይ ጠምዶ፣ ቀይ ጥለት አንገቱ ላይ አስሮ፣ የአባቱን ኮትና ጅራፍ መቀመጫው ላይ ዘርግቶ በድንኳኑ ፊት አቁሞታል። አልቃሿ፣

«ስንቱን መንገደኛ ከደጁ አድርሶ፣
ዛሬ እርሱ ገባ ጅራፉን መልሶ»

ስትል ሕዝቡ ያነባል፤ ደረት ይመታል። ሁሉም ቦራን ያያል፤ ቦራን ግን ያየው አልነበረም። ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው። አፉ አረፋ ደፍቋል። ጆሮው ለእያንዳንዱ ጩኸት ይዞራል።

ጥላዬን አየሁ። ከእግሬ ሥር ገብታለች።

ልቅሶ ላይ የተጠመደን ፈረስ መፍታት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ክብሩን ገፈፈ ይባላል፤ ለዘመድ ስድብ ነው። ቀብር ላይ ያልደረሰ ሰው ሲያደርገው ደግሞ ይብሳል። ቢሆንም ስልኬን አውጥቼ አጠፋሁና ተነሣሁ። «ምን ሊሆን ነው?» ሲባል ከኋላዬ ሰማሁ።

ስማቸው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼ፣ የአባቴ ክብር ነው። ሰው እስኪበተን ይቁም» አለኝ።

«ስማቸው፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል» አልሁት።

ቀና ብሎ ፀሐዩን አየ። ቀጥሎ ቦራን አየ፤ ያን ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በወዲያኛው ጎን ዞረና የጋሪውን እንጨት ያዘ። በዚህኛው ጎን እኔ ያዝሁ። መጀመሪያ ጋሪውን አነሣንለት። ሆዱን ፈታን። አንገቱን ፈታን። መጨረሻ ልጓሙን ከአፉ አወጣሁ። በዚያ ሁሉ መካከል እኔ አንዲት ቃል አልተናገርሁም፤ ይህን ጥሩዬ ትመሰክራለች።

ቦራ ራቁቱን ቆመ። ራሱን ደፋ፤ አልተነቃነቀም። አልቃሿ ዝም አለች። ሰብለ ወደ እኔ ተጠግታ ክንዴን ያዘች፤ የምታስበውን አውቄዋለሁ፤ እኔም ዳማን ነበር የማስበው። ማንም አላስቸኮለውም። ጠበቅን።

ቦራ መሬቱን አሸተተ። ጉልበቱን አጠፈ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተንከባለለ፤ አቧራው ነጠላችን ላይ ወረደ። ተነሣ፣ ቆዳውን አራገፈ፣ በአፍንጫውም ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

የአያ ውበቱ ባለቤት ሦስት ቀን ሙሉ አልተናገሩም ይባል ነበር። ከተቀመጡበት ቀና ብለው፣

«በሉ እንግዲህ፣ ገብሱን አምጡለት» አሉ።